እርሳስ እስኪያልፍ

ኅዳር 9

ዛሬ ሁለት የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ አንድ የተዘጋ የሳህን ማጠቢያ። ማጠቢያው ጉሮሮ ውስጥ የብር ማንኪያ አገኘሁ። የቤቱ እመቤት ስታየው ፊቷ ተለዋወጠ። "ሰረቀች ብዬ ሠራተኛዬን አባርሬያት ነበር እኮ" አለች። አጥቤ ሰጠኋት።

ጻፍ ተብዬ ነው የምጽፈው። ያዘዘችኝ የባለቤቴን እጅ የምታሠራው ልጅ ናት። ሙያዋ ረጅም የፈረንጅ ስም አለው፤ ምላሴ አልታዘዝ ስላለኝ "የእጅ ሐኪሟ" እላታለሁ። "ጋሼ፣ በየቀኑ ምን እንዳሠሯት፣ ምን እንዳዩ ይጻፉ" አለችኝ። ደብተር የለኝም ስላት ባለቤቴ በግራ እጇ ወደ መሳቢያው ጠቆመች። የልክ ደብተሯ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ፊት ፊቱ የደንበኞቿ ወገብ፣ ትከሻ፣ እጅጌ ነው። እኔ ከኋላ ጀመርኩ።

እንግዲህ ለዛሬ፦ ቀኝ እጅ፣ ያው ጭብጥ እንዳለ ነው። ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘረጋሁ፣ አሥር ጊዜ። ስለቃቸው ተመልሰው ይታጠፋሉ። ቀኝ እግሯ ይጎተታል። ንግግር... "ቆይ" ብቻ። ውሃ ስትፈልግ "ቆይ"። መስኮት ይከፈትልኝ ለማለት "ቆይ"። እህቷ ስትገባ ሰላምታውም "ቆይ"። ሁሉን ትሰማለች፣ ሁሉ ይገባታል፤ ከአፏ የሚወጣው ግን ይቺው ናት። ሐኪሞቹ "ያጋጥማል፣ አንዳንዴ አንድ ቃል ተርፎ ይቀራል" ይላሉ። ለምን ይቺ ቃል እንደተረፈች አያውቁም።

እኔ አውቃለሁ።

ኅዳር 10

እሺ ልጻፈው። ደብተር ወሬ አያወጣም።

የዛሬ ሁለት ወር ገደማ ነው። ጠዋት። ስልክ ተደወለልኝ፣ ሰው ቤት ቧንቧ ፈንድቶ ሳሎኑ ጎርፍ ሆኗል። የመሣሪያ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ስወጣ እሷ ስፌት ማሽኑ ጋ ነበረች። መቀሱ ከእጇ ወደቀ። "ቆይ እስቲ" አለችኝ። "እጄ ደነዘዘኝ... ምን እንደሆነ እንጃ።" እኔስ ምን አልኩ? "ተኝተሽበት ነው፤ አሸት አሸት አርጊው።" በሩን ስከፍት ደግማ "ቆይ!" አለች። ሳልዞር እጄን አወዛወዝኩላት።

አመሻሽ ላይ ስመለስ መሬት ላይ ነበረች።

ሐኪሙ "መቼ ጀመራት?" ብሎ ጠየቀኝ። "እንጃ፤ ጠዋት ስወጣ ደህና ነበረች" አልኩ። ለምን ዋሸሁ? አፌ ቀደመኝ። እሷ አልጋው ላይ ተኝታለች፣ ዓይኗ ክፍት ነው። ወደ እኔ አዞረችው። ሰምታኛለች።

ለማንም አልነገርኩም። ለልጃችንም፣ ለእህቷም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላሉ። እኔ ዕድሜ ልኬን የፈሰሰ ውሃ ሳፍስ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይሄኛውን ግን በምን ልፈሰው?

ኅዳር 14

የእጅ ሐኪሟ ዛሬ ከቦርሳዋ ቀይ የሹራብ ክር አወጣች። ወፍራም፣ ለስላሳ። መርፌ የለ፣ ኪሮሽ የለ። "በጣት ነው የሚሠራው" አለች።

"እሷን ነው የምታስተምሪው ወይስ እኔን?"

"እርስዎን። መጀመሪያ በራስዎ ጣት ይለማመዱ፣ ከዚያ በእሷ ጣት ላይ ይሠራሉ። ክሩ በጣቶቿ መሐል ሲመላለስ ተዘርግተው ይቆያሉ። እሷም የምታየው ነገር ታገኛለች። አሥር፣ አሥር እያሉ መቁጠር ሰለቻት እኮ፣ ጋሼ።"

ክሩ በግራ እጄ ሌባ ጣት ፊት፣ በመሐል ጣት ጀርባ፣ በቀለበት ጣት ፊት፣ በትንሿ ጀርባ። ዞሮ መመለስ። አንድ ዙር መድገም። አሁን በየጣቱ ሁለት ሁለት የክር ቀለበት አለ። የታችኛውን አንስቶ፣ በላይኛው ላይ አሳልፎ፣ ከጣት ማውለቅ። አራቱንም እንዲሁ። ከዚያ ሌላ ዙር። እየተሠራ ያለው ነገር በእጅ ጀርባ በኩል እየረዘመ ይወርዳል። የስድስት ዓመት ልጅ ትችለዋለች አለችኝ። እኔ የስድስት ዓመት ልጅ አይደለሁም፤ ችግሩ እሱ ነው።

ሦስት ጊዜ ተበታተነብኝ። ላብ አጠመቀኝ። ስንት የዛገ ቧንቧ የፈታ እጅ፣ ክር አሸነፈው! ባለቤቴ ሳቀች። በግማሽ አፏ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ ናት። "ሳቂ፣ ሳቂ፣ ተራሽ ነው" አልኳት።

የእጅ ሐኪሟ ስትወጣ "አይዞዎት፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለችኝ። "እሱ እስኪሄድ እኔ ባልጋ እሄዳለሁ" አልኳት።

ኅዳር 16

ምሳ ሰዓት፣ ሰው መታጠቢያ ቤት ውስጥ። ባልዲ ገልብጬ ተቀምጬ ስለማመድ የቤቱ ባለቤት ከተፍ አለ። "ምን እየሠሩ ነው?" "ውሃው እስኪወርድ እየጠበቅኩ ነው።" ቀይ ክር ጣቴ ላይ ተጠምጥሞ! ጉድ ነው። በሩን መለሰልኝ።

የቀለበት ጣትን ሁሌ እዘላታለሁ። አንዷ ከተዘለለች ቀዳዳ ይወጣል።

አሥራ ሁለት ዙር ሠራሁ። ትል የምታክል ነገር። ጅራት ብያታለሁ።

ኅዳር 19

በእሷ እጅ ጀመርን። በሙቅ ፎጣ ጭብጧን አለዘብኩ፣ ጣቶቿን ዘርግቼ ትራስ ላይ አስቀመጥኩ። ክሩ ሲገባ እውነትም ተከፍተው ቀሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ኖረናል፤ እጇን እንዲህ ረጅም ሰዓት ይዤው አላውቅም። ሌባ ጣቷ ላይ የመርፌ ጠባሳ አለ። ዛሬ ነው ያየሁት። ታዲያ ምን ሳይ ኖርኩ?

ስሳሳት "ቆይ" ትላለች፣ የዘለልኩትን ጣት በግራ እጇ ትነካልኛለች። ሥራ ላይ ድሮም እንዲህ ናት። ደንበኛ ሲያጣድፋት "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ትል ነበር። የተጣመመ ስፌት ካየች የልብሱ ባለቤት "ይሁን፣ አይታይም" ቢላትም አትሰማም፤ ትተረትረዋለች። "የተበላሸ ይፈታል እንጂ አይሸፈንም" ትላለች። ትል ነበር።

ኅዳር 22

አንዲት ደንበኛዋ መጣች። የጀመረችላት ቀሚስ እስካሁን ማሽኑ መርፌ ሥር ነው። አንዱ እጅጌ ገብቷል፣ ሌላው የለም። ሴትየዋ ባለቤቴን ስታይ አለቀሰች። "ቀሚሱ ገደል ይግባ" አለች፣ "ያ እጅ!" ቀሚሱን ላወጣው ብል መርፌውን ማንሳት አላወቅኩበትም። ባለቤቴ ጠቆመችኝ። አነሳሁት። አጣጥፌ ሰጠኋት።

በር ላይ "እንደ እርስዎ ያለ ባል የት ይገኛል" አለችኝ። ሁሉም እንዲህ ይላል። ጎረቤቱ፣ ታላቅ እህቷ እትዬ... እትዬማ "ወርቅ ባል" ነው የምትለኝ። ሲሉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል።

ማሽኑን በአንሶላ ሸፈንኩት።

ኅዳር 26

ዛሬ የሠራሁትን እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጠዋት በእጇ ላይ ስሠራ ቆይቼ፣ ቀለበቶቹን ሳላወልቅ ወጣሁ። ጣቶቿ እንዳይታጠፉባት ብዬ ነው። ቀን ቀን እትዬ ትመጣለች፣ ታወልቅላታለች አልኩ። እትዬ ደግሞ ሐኪሟ ያሰረችው መስሏት አልነካችውም። ስመለስ አራቱም ጣቶቿ ሰማያዊ ሆነዋል። ጫፋቸው አብጧል። ክሩ ሥጋዋ ውስጥ ሰምጧል።

ጥፋቱ የእጄ ነው። ቧንቧ አጥብቀህ ስትጨርስ አንዲት ዙር ትጨምራለህ፣ እንዳያንጠባጥብ። የሠላሳ ዓመት ልማድ። ለካ ሳላውቀው እያንዳንዷን ቀለበት ካሳለፍኩ በኋላ ጎተት... ትንሽ ጎተት አደርጋለሁ። በራሴ ጣት ላይ ስሠራ ያመኛል፣ አላላዋለሁ። እሷ ግን አይሰማትም።

አይሰማትም፣ ግን ታያለች። እትዬ እንደነገረችኝ ቀኑን ሙሉ "ቆይ፣ ቆይ" ስትል ውላለች። እትዬ ውሃ ታመጣላታለች። መስኮት ትከፍትላታለች። "ቆይ።" ትራስ ታስተካክልላታለች። "ቆይ።"

በመቀስ ቆርጬ ፈታሁላት።

"አንተ ሰው፣ እጇን ልታስቆርጣት ነው?" አለችኝ እትዬ። "ቤቴን ላዘገጃጅና ጥር ሲገባ እወስዳታለሁ። አንተ ሥራ እንጂ ሰው መያዝ አታውቅበትም።"



ኅዳር 27

የእጅ ሐኪሟ መጣች። ደሙ ተመልሷል፣ ጣቶቿ ደህና ናቸው። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "ጥፋቱ የኔም ነው፣ ሳያወልቁ እንዳይሄዱ ማለት ነበረብኝ" አለች። ከዚያ ክሩን ጣቴ ላይ ጠምጥማ እርሳሷን በመሐሉ ሰደደችው። "ይኸው፣ እርሳስ ማለፍ አለበት። ካላለፈ ጠብቋል ማለት ነው። ሁልጊዜ ይለኩ፣ ጋሼ። እሷ አትነግርዎትም።"

እሷ አትነግርዎትም... ነግራኝ ነበር እኮ።

ስናቆም ቀለበቶቹን ከጣቷ አውልቄ እርሳሱ ላይ እንድሰካ አሳየችኝ። እዚያ ካሉ አይፈቱም። ከእርሳሱ ወልቀው ክሩ ከተሳበ ግን ሙልጭ ብሎ ይፈታል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ክሩን በአራቱም ቀለበት ውስጥ አሳልፎ መሳብ ነው፤ ያኔ ይዘጋል። "አዘጋጉንም ላሳይዎት?" አለች። አሁን ይቅር አልኳት።

ታኅሣሥ 3

እንደገና ሀ ብለን። አለፈ። አለፈ። አለፈ። አላለፈም፤ አላላሁት። አለፈ።

ታኅሣሥ 11

የሆስፒታል ቀጠሮ። ሐኪሙ እጇን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገው። እሷ መርፌውን እያየች ትጠብቃለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ እሷ እዚያው ተቀምጣ ለእኔ ብቻ ተናገረ። "እጇ የሚመለስ አይመስለኝም። ንግግሯ ትንሽ ትንሽ ሊሻሻል ይችላል።" ወረቀቱ ላይ እየጻፈ "ቶሎ ተደርሶላት ቢሆን ሌላ ነበር" አለ። እንደ ዋዛ።

አውቶቡስ ውስጥ መስኮት መስኮቱን ስታይ መጣች።

ልጃችን ከምትሠራበት ከተማ ደወለች። "አባዬ፣ እማዬ እንዴት ናት?" "ደህና ናት፣ እየተሻላት ነው።" ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ስልኩን ለእናቷ ሰጠኋት። "ቆይ" አለቻት። "ቆይ... ቆይ።" ወዲያ ማዶ ልጅቷ ስታለቅስ ይሰማኛል።

ታኅሣሥ 15

ደብተሩን ከፊት ገልጬ ሳይ የኔ ልክ አለ። ወገብ ሰማንያ አራት፣ ተሰርዟል። ዘጠና ሁለት፣ ተሰርዟል። ዘጠና ሰባት። አጠገቡ "አይነገረው" ብላ ጽፋለች። ሱሪዬ ጠቦኝ አያውቅም፤ ለካ በየጊዜው እያሰፋች ዝም ትለኝ ነበር። ጽሑፉን አሳየኋት። በግማሽ አፏ ሳቀች፣ ከዚያ እንባዋ መጣ። ከእንግዲህ ማን ያሰፋልኛል ብዬ ልቀልድ አሰብኩና ተውኩት።

ታኅሣሥ 21

ጅራቱ በእሷ ሜትር ሁለት ሜትር ከአሥር ሆነ። ምን እንደሚሠራበት አናውቅም። ለአንገት ልብስ ቀጠነ፣ ለቀበቶ ወፈረ። እትዬ "ላም ልታስሩበት ነው?" አለች። እኔን ሳታይ።

ባለቤቴ ጭኗ ላይ አድርጋ በግራ እጇ ትዳብሰዋለች፣ ጨርቅ ስትመርጥ እንደምታደርገው። መጀመሪያው አካባቢ ድርቅ ያለ ነው። ወደ መጨረሻው ለስላሳ። ሁለት ሰው የሠራው ይመስላል።

ጥር ሊገባ ዘጠኝ ቀን ቀረው። ሳልነግራት ልትሄድ ነው?

ታኅሣሥ 28

ነገርኳት።

እጇ ትራሱ ላይ፣ ክሩ ጣቷ ላይ። ቀና ብዬ አላየኋትም። "ያን ቀን ጠዋት ቆይ ስትይኝ ሰምቼሻለሁ" አልኳት። "ሁለተኛውንም፣ በር ላይ ሆኜ ሰምቼሻለሁ። ጎርፍ ብዬ ሄድኩ። ለሐኪሙም ዋሸሁ፤ ስዋሽ ሰምተሽኛል።" ሌላ ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ሁሉም ጠፋብኝ። ይቅር በይኝ ማለት እንኳ አልወጣኝም።

ቆይ እንኳ አላለችም።

ቀለበቶቹን እርሳሱ ላይ ሰክቼ ሻይ ላፈላ ሄድኩ። ስመለስ እርሳሱ መሬት ላይ ነው። ክሩን በግራ እጇ ይዛ ትስባለች። ሳብ። ሳብ። ሳብ። ጅራቱ እያጠረ፣ ጭኗ ላይ የተጨማደደ ክር እየተቆለለ... ሻዩን ይዤ ቆሜ አየኋት። ላስቁማት? በምን መብቴ? እስከ መጨረሻዋ ቀለበት ፈታችው።

አለቀስኩ። ከደብተር ምን ይደበቃል።

ታኅሣሥ 29

ቀኝ እጅ፣ አሥር ጊዜ ተዘረጋ። ክር የለም። ዓይኗን ከመስኮቱ አላነሳችም።

ታኅሣሥ 30

ለእትዬም ነገርኳት። ሳህን እያጠበች ነበር። ሁሉንም፣ ሳላስቀር። ትመታኛለች ብዬ ነበር። "ይሄን ሁሉ ጊዜ ወርቅ ባል ስልህ ዝም ብለህ ትሰማኛለህ?" አለች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "ነገ ታክሲ ይዤ እመጣለሁ።"

ለልጃችንም ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። "አባዬ... ቆይ፣ መልሼ እደውላለሁ" አለችኝ። አልደወለችም። አልፈርድባትም።

ጥር 1

እትዬ በጠዋት መጣች። ታክሲው በር ላይ ቆሟል። የባለቤቴን ልብሶች ሻንጣ ውስጥ ስትከት እኔ አጣጥፌ አቀበልኳት። መድኃኒቱን፣ ፎጣውን። የቱ በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ ነገርኳት። ግድግዳ እያየች ሰማችኝ። አልተጨቃጨቅንም። ልክ ናት፤ ምን ብዬ እከራከራለሁ?

ባለቤቴ ወንበሯ ላይ ናት። ክሩን ጠቅልላዋለች። በአንድ እጅ! ጉልበቷ መሐል ይዛው መሆን አለበት። መቼ እንደሠራችው አላየሁም።

ላነሳት ስጎነበስ ግራ እጄን ያዘችኝ። ጎትታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ጣቶቼን ዘረጋቻቸው፣ አንድ በአንድ፣ እኔ እንደማደርግላት። ክሩን በሌባ ጣቴ ፊት፣ በመሐሉ ጀርባ... የቀለበት ጣትን አልዘለለችም። ወር ተኩል ሙሉ ስታየኝ ነበር። በአንድ እጅ ሲሠራ ቀርፋፋ ነው። አጠገቧ ተንበረከክሁ። እትዬ ሻንጣውን እንደያዘች ቆመች።

የመጀመሪያውን ቀለበት አሳለፈች። ሳበችው፣ ጠበቀ። ሁለተኛውን። ጠበቀ። ሳታውቅ አይደለም፤ አውቃ ነው። አራተኛው ዙር ላይ ጣቶቼ ቀሉ፣ ከዚያ ጠቆሩ። እኔ ደግሞ ይሰማኛል። በደንብ ነው የሚሰማኝ።

"አንቺ፣ ያመዋል እኮ!" አለች እትዬ።

እጄን አልሳብኩም።

እርሳሱን ከጠረጴዛው አነሳች። በጣቴና በክሩ መሐል ልትሰደው ሞከረች። አላለፈም። ከዚያ አየችኝ፣ ያን ቀን ከሆስፒታሉ አልጋ ላይ እንዳየችኝ። ዛሬ ዓይኔን አላሸሸሁም። ብዙ ቆየን። የትንሿን ጣቴን ቀለበት በጥፍሯ ላላ አደረገችው። እሷን ብቻ። እርሳሱ አለፈ።

ታክሲው ጡሩምባ ነፋ። የኔም ስልክ ቦርሳዬ ውስጥ ጮኸ፤ የሆነ ሰው ቤት ውሃ እየፈሰሰ ነው መቼም። "በይ እንሂድ፣ ሰውየው ይጠብቃል" አለቻት እትዬ።

"ቆይ" አለች።

ለታክሲው ይሁን፣ ለእህቷ ይሁን፣ ለኔ... አላውቅም። እኔ ግን ከተንበረከክሁበት አልተነሳሁም። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ።

እትዬ ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ታክሲውን ልታሰናብት ወጣች። ስትመለስ "ለዛሬ ነው" አለችኝ። "ለዛሬ ነው" አልኳት።

አሁን ከሰዓት በኋላ ነው። ወንበሯ ላይ እንዳለች እንቅልፍ ወስዷታል፤ ክሩን ጨብጣዋለች። ሦስቱ ጣቶቼ ጫፋቸው ደንዝዟል። ደነዘዘኝ ስትለኝ ለካ ይሄን ነበር። ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በቀኝ እጄ ነው የምጽፈው። ግራው እሷ ጋ ነው።